ፍላሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለቤት ውስጥ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ኮምፒውተር አመራረጥ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ካሜራ ገዝቶ ሰርግ መቅረጽ ጀምሯል። ኤዲቲንጉን ግን ለሌላ ሰው ነው የሚሰጠው፤ ከሚያገኘው ብር ብዙው እዚያው ይቀራል።

"ጋሼ፣ ኮር አይ7 ላፕቶፕ አገኘሁ፤ ልግዛው?" አለኝ።

"ሙሉ ስሙን ላክልኝ።"

"ሙሉ ስሙ እኮ ኮር አይ7 ነው።"

ሳቄ መጣ። የሳቅኩት በራሴ ነው። የመጀመሪያዋን ላፕቶፔን የገዛሁት ልክ እንደሱ ነበር። ሻጩ "ወንድሜ፣ አይ7 እኮ ነው፤ ምንም አትሆንም" አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ቤት ወስጄ በሁለት ካሜራ የተቀረጸ ሰርግ ስጭንባት ጉድ ፈላ። ምስሉ ይቆማል፣ ድምፁ ይሄዳል። የሙሽራዋ እናት አፏን ሳትከፍት እልልታው ይሰማል። የአንድ ሰርግ ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ኋላ ላይ ሳጣራ ላፕቶፗ አይ7-7500ዩ ነበረች። ስሟ አይ7 ይሁን እንጂ ያላት ኮር፣ ማለትም ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል፣ ሁለት ብቻ ነው።

እኛ ያለነው ጅማ ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ዕቃ የሚመጣው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ካለው አዲስ አበባ ነው። "ካልሆነ ነገ እመልሰዋለሁ" ብሎ ነገር የለም። እቃው አንዴ ግቤን ከተሻገረ የእናንተ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከመግዛት በፊት ያለው ነው። ቅደም ተከተሉን እንደምሠራበት ልንገራችሁ።

1. ከኮምፒውተሩ በፊት የራሳችሁን ፋይል እወቁ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ኮምፒውተር ጥሩ ነው?" ብሎ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን "ካሜራዬ ምን ዓይነት ፋይል ነው የሚሰጠኝ?" የሚለው ነው።

ከካሜራችሁ ወይም ከስልካችሁ አንድ ክሊፕ ወደማንኛውም ኮምፒውተር ገልብጡ። በቀኝ ጠቅ አድርጉና ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ የሚለውን ክፈቱ። የምስሉን መጠን፣ ፍሬም ሬቱን (በሰከንድ ስንት ምስል እንደሆነ) እና ቢትሬቱን (በሰከንድ ስንት ዳታ እንደሚጻፍ) እዚያው ታገኛላችሁ። የቀረውን ሚዲያኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ያሳያችኋል። አራት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ። 1080ፒ ነው ወይስ 4ኬ? ኤች.264 ነው ወይስ ኤች.265? 8 ቢት ነው ወይስ 10 ቢት? 4:2:0 ነው ወይስ 4:2:2? የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ስለ ቀለም ናቸው፤ ቁጥሩ ሲጨምር የሚያዘው የቀለም ዝርዝር ይጨምራል።

ይሄ የባለሙያ ቅንጦት አይደለም። ኤች.265፣ ኤችኢቪሲም ይሉታል፣ ምስሉን አጥብቆ ስለሚያጥፈው ሜሞሪ ካርድ ላይ ትንሽ ቦታ ይይዛል። የታጠፈውን መፍታት ግን የኮምፒውተሩ ዕዳ ነው። ዘመናዊ ቺፖች ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ክፍል አላቸው። የእናንተን ዓይነት ፋይል የሚያውቅ ከሆነ ኤዲቲንጉ ይንሸራተታል። የማያውቅ ከሆነ ፕሮሰሰሩ በጉልበቱ ይፍጨረጨራል፣ ፋኑ ይጮሃል፣ ምስሉ ይቆራረጣል። የኢንቴል ቺፖች ውስጥ ያለው ግራፊክስ 10 ቢት 4:2:0 ኤች.265ን የሚፈታው ከ7ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው (ትውልዱ እንዴት እንደሚታወቅ ቁጥር 4 ላይ አለ)። 4:2:2 ኤች.265 ከሆነ ግን ከ11ኛ ትውልድ በፊት ካሉት አብዛኞቹ አይችሉትም። አዳዲሶቹ የሶኒ ካሜራዎች 4:2:2 10 ቢት ይቀርጻሉና ባለቤቶቹ ይህቺን መስመር ሁለቴ አንብቧት።

ቢትሬቱ ደግሞ የዲስክ ሒሳብ ይሠራላችኋል። ለ8 አካፍሉት። 100 ሜጋ ቢት ማለት በሰከንድ 12.5 ሜጋ ባይት ነው። በሰዓት 45 ጊጋ ይሆናል። ሁለት ካሜራ አምስት አምስት ሰዓት ከቀረጸ 450 ጊጋ መጣ ማለት ነው። ይሄ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ጥር ውስጥ ወይም ከፋሲካ በኋላ፣ እንዲሁም ከረመዳን ማግስት በየሳምንቱ ሁለት ሰርግ ሲደራረብ አስቡት።

እግረ መንገዴን ሁለት ነገር ልበል። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ ፍሬም ሬቱ ይዋዥቃል፤ በዚህ ምክንያት ረጅም ክሊፕ ላይ ድምፅና ምስል ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ቋሚ ፍሬም ሬት ቀይሩት። ለዚህ ችግር ብላችሁ አዲስ ኮምፒውተር አትግዙ። ሁለተኛ፣ መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። ካሜራችሁን በ25 ፍሬም አድርጋችሁ ሻተሩን 1/50 ላይ ካደረጋችሁት የአዳራሹ መብራት ምስሉ ላይ አይርገበገብም። የተርገበገበ መብራት ኤዲቲንግ ላይ ለማስተካከል መሞከር ጨጓራ መላጥ ነው።

2. ፕሮግራሙን ወስኑ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ነው፤ ነፃው እስከ 4ኬ ያወጣል። የቀለም ሥራው ግሩም ነው፤ ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያቀናብር ለብቻው የሚሰካ ሰሌዳ) ግን አጥብቆ ይፈልጋል። ፕሪሚየር ፕሮ በወር ወይም በዓመት የሚከፈልበት ነው። ኬደንላይቭና ሾትከት ነፃ ናቸው፤ ደካማ ማሽን ላይም ይሄዳሉ። ካፕከት ለአጫጭር ነገር ይበቃል።

ክራክ የተደረገ ፕሮግራም በፍላሽ የሚያድለው ሰው አይጠፋም። ከፕሮግራሙ ጋር ቫይረስ አብሮ ይገባል። የደንበኛ ሰርግ የጠፋበት ሰው አውቃለሁ፤ ዝርዝሩ ይቅር። ሪዞልቭ ነፃ ሆኖ ሳለ ምን ያደርግልናል?

3. ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ?

የእኔ ምርጫ ዴስክቶፕ ነው። በተመሳሳይ ብር የተሻለ ጉልበት ታገኛላችሁ። ሲበላሽም የተበላሸውን ብቻ ትቀይራላችሁ። ራም መጨመር ሁለት ደቂቃ ነው።

ላፕቶፕ ግን ባትሪ አለው። መብራት በመጣ በሄደ ቁጥር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቤታችሁ መብራት የሚያስቸግር ከሆነ፣ ወይም ዶርም ውስጥ ከሆናችሁ፣ ላፕቶፕ ይሻላል። አጋሮ ድረስ ሄዳችሁ እዚያው አድራችሁ የምትሠሩ ከሆነም እንዲሁ።

ያገለገለ ማክቡክ ኤም1 ካገኛችሁ ሳታዩት አትለፉ። ኤች.264ንም ኤች.265ንም ያለ ድካም ይፈታል። ችግሩ ራሙም ዲስኩም በኋላ አይጨመርም። 8 ጊጋ ከገዛችሁ ዕድሜ ልኩን 8 ጊጋ ነው። የቀድሞው ባለቤት ከአይክላውዱ መውጣቱንም ማሽኑን ፊታችሁ ሙሉ በሙሉ አስደምስሳችሁ እንደ አዲስ አስከፍታችሁ አረጋግጡ፤ ካልወጣ የገዛችሁት ማሽን ሳይሆን የተቆለፈ ብረት ነው።

4. የፕሮሰሰሩን ስም ማንበብ ተማሩ

የአክስቴ ልጅ የተሰናከለው እዚህ ነው። እኔም እዚሁ።

"አይ5"፣ "አይ7" የሚለው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ጠቃሚው ከኋላው ያለው ቁጥር ነው። 8500 ሲሆን 8 ትውልዱን ያመለክታል፤ 8ኛ ትውልድ ነው ማለት ነው። 12400 ከሆነ 12ኛ ትውልድ ነው። ማወናበጃ አለው ደግሞ፤ 1135ጂ7 አንደኛ ትውልድ ይመስላል፤ ግን 11ኛ ነው።

ቀጥሎ የመጨረሻዋን ፊደል እዩ። "ዩ" ካለ ባትሪ እንዲቆጥብ የተሠራ የላፕቶፕ ቺፕ ነው። "ኤች" ካለ ጉልበት ያለው የላፕቶፕ ቺፕ ነው። "ቲ" ካለ ዴስክቶፕ ቢሆንም ኃይሉ የተቀነሰ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠው ሚጢጢ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገኘው ይሄ ነው። "ኤፍ" ካለ የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ስለዚህ ያ ቪዲዮ የሚፈታው ክፍልም አብሮ የለም። ለኤዲቲንግ "ኤፍ" ያለውን ባትገዙ እመርጣለሁ፤ ግራፊክስ ካርድ ቢኖራችሁም እንኳ።

አሁን አወዳድሩ። የእኔ አይ7-7500ዩ 2 ኮር። የዴስክቶፑ አይ5-8500 ግን 6 ኮር። አይ5 አይ7ን በኮር ብዛት በሦስት እጥፍ በለጠው! ኢንቴል የኮር ብዛት በደንብ የጨመረው 8ኛ ትውልድ ላይ ስለሆነ ከዚያ በታች አትውረዱ የምለው ለዚህ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

በአጭሩ እንዲህ አድርጉ። 1080ፒ ብቻ ለምትሠሩ ዴስክቶፕ አይ5-8500 ወይም በዚያ አካባቢ ያለ በቂ ነው። 4ኬ 4:2:0 ከሆነ አይ7-8700 ወይም አይ5-12400፣ ከካርድ ጋር። 4:2:2 ኤች.265 ከሆነ 11ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ "ኤፍ" የሌለበት። ኤኤምዲ ራይዘንም ጥሩ ነው፤ ለምሳሌ ራይዘን 5 3600 6 ኮር አለው። ግን የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ካርድ የግድ ይፈልጋል።

አዲስ መግዛት አቅም ለሌለው ሰው የማዘው መድኃኒት ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው። ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4 ወይም ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7060 ፈልጉ። ሁለቱም የ8ኛ ትውልድ ማሽኖች ናቸው፤ ፈጣኑ ኤንቪኤምኢ ዲስክም ይገባባቸዋል። በውጭ አገር ቢሮዎች ዎርድና ኤክሴል ሲሠሩ የኖሩ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ አልተጎሳቆሉም።

ስትገዙ ግን ቁመናዋን እዩ። ቀጭኗ ኬዝ ታምራለች፣ ቦታም አትይዝም። ነገ ግራፊክስ ካርድ ልጨምር ስትሉ ግን ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይገባባትም። ፓወር ሰፕላይዋም ትንሽ ነው፤ ቅርጹ ለየት ያለ ስለሆነ ከገበያ ገዝቶ መቀየርም ያስቸግራል። ወፍራሟን ታወር ምረጡ።

5. ራም

8 ጊጋ አይበቃም። 16 ጊጋ መነሻ ነው። 4ኬ በሪዞልቭ ከሆነ 32 ጊጋ። አንድ 16 ከምትገዙ ሁለት 8 ግዙ፤ ጥንድ ሲሆኑ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ በተለይ ካርድ ለሌለው ማሽን። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 አይለዋወጡም፤ የላፕቶፕና የዴስክቶፕም እንዲሁ። ይኸው ነው።

6. ዲስክ፤ ሦስት ቦታ ክፈሉት

ከሁሉ በፊት ብር ማውጣት ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። ያችን የመከራ ላፕቶፕ ከመሸጤ በፊት የድሮ ሃርድ ዲስኳን አውጥቼ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) አስገባሁባት። ኮሯ ያው ሁለት ቢሆንም እንደገና የተወለደች መሰለች። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋ ባይት ቢያነብ ነው። ተራው ሳታ ኤስኤስዲ ወደ 550 ይደርሳል። ኤንቪኤምኢ ብዙ ጊዜ ከ2,000 በላይ ይሄዳል።

እኔ የምከፍለው እንዲህ ነው። ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ አንድ ኤስኤስዲ ላይ፤ 256 ወይም 512 ጊጋ ይበቃል። አሁን እየሠራሁት ያለው ሰርግ ሌላ 1 ቴራ ኤስኤስዲ ላይ። ያለቀው ሥራ ርካሹ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ 2 ወይም 4 ቴራ። ኤስኤስዲውን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት፤ ሲሞላ ይዘገያል። ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ባዶ ተዉለት።

ገልባጯንም አትርሱ። ካርድ ሪደራችሁ የድሮ ዩኤስቢ 2 ከሆነ በሰከንድ 35 ሜጋ ባይት ገደማ ነው የሚጎትተው። 64 ጊጋ ካርድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ዩኤስቢ 3 ሪደር ገዝታችሁ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ በሆነችው ቀዳዳ ብትሰኩት፣ ካርዱ ራሱ ፈጣን ከሆነ፣ 12 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ከሰርግ ደክሟችሁ ሌሊት ስትገቡ ልዩነቱ ይገባችኋል።

7. ግራፊክስ ካርድ፤ ብር ከተረፈ

ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ካርዱ ነው። እኔ አምስተኛ ነው የማደርገው። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ኤስኤስዲውና ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ባትሪ) ከተሟሉ በኋላ ማለቴ ነው።

ሪዞልቭ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ማስፈለጉ አይቀርም። የካርዱን የራሱን ሜሞሪ እዩ። ለ1080ፒ 4 ጊጋ ያስኬዳል፤ ለ4ኬ 6 ወይም 8 ይሻላል። ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጊጋ ነው፤ የሚበላው 75 ዋት ነው። ብዙዎቹ ዓይነቶቹ ተጨማሪ የኃይል ገመድ አይፈልጉም፤ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ መሄድ ነው። ለቢሮ ዴስክቶፕ የሚመቸው ለዚህ ነው። ፓወር ሰፕላያችሁ ጉልበት ካለው ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር 6 ጊጋ፣ አቅሙ ካለ ደግሞ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ።

የተጭበረበረ ካርድም አለ። የድሮ ካርድ ስሙ ተቀይሮ እንደ አዲስ ይሸጣል፤ ዊንዶውስ ራሱ ይሸወዳል። ጂፒዩ-ዚ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። የውሸት ካርድ ሲያገኝ ከስሙ ጎን ይጽፈዋል።

8. መብራት

ግልገል ግቤ ጎረቤታችን ነው። አንደኛው ግድብ ብቻውን 184 ሜጋ ዋት ነው። ለማንኛውም እኔ ኤክስፖርት 94 ከመቶ ላይ ደርሶልኝ መብራት እልም ብሎብኝ ያውቃል። ሰባት ሰዓት የሠራ ማሽን ነው። ኤምፒ4 ደግሞ ግማሹ ብቻ ቢጻፍ አይከፈትም፤ የፋይሉ ማውጫ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ስለሆነ። እጄን አጨብጭቤ ቀረሁ።

ዴስክቶፕ ከገዛችሁ ዩፒኤስ የዕቃው አንድ አካል ነው። ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለውን፣ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ያለበትን ጠይቁ። ምክንያቱም ጉዳቱ መጥፋቱ ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ ወይም ጎረቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጣድ አምፖሉ ሲደበዝዝ አይታችሁ የለ? ያኔ ኮምፒውተሩም ያንኑ የወረደ መብራት ነው የሚጠጣው።

መጠኑን እንዲህ አስሉ። አይ5-8500 65 ዋት፣ ጂቲኤክስ 1650 75 ዋት፣ ማዘርቦርዱና ዲስኮቹ 30 ገደማ፣ ሞኒተሩ 25። ወደ 200 ዋት ነው። 650 ቪኤ የሚለው ዩፒኤስ 650 ዋት አይደለም፤ 360 ወይም 390 ዋት ነው የሚችለው። የእናንተን 200 ይሸከማል፣ ግን ለጥቂት ደቂቃ። ሥራውን ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ይበቃል። 1,000 ቪኤ ወይም 1,200 ቪኤ ካገኛችሁ እፎይ ትላላችሁ። ባትሪው በሁለት በሦስት ዓመት ይደክማል። ሲደክም ባትሪውን ብቻ ቀይሩ፤ ዩፒኤሱን አትጣሉ። ፕሪንተር፣ ካውያ፣ የቡና ምድጃ አትሰኩበት። ምድጃውን የምለው ቀልድ አይደለም፤ እኛ ቤት ተሰክቶ ያውቃል።

ከዚያ መዓት ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ። ረጅም ሰርግ በአንድ ፋይል አላወጣም። የሙሽራዋ ቤት፣ ኒካው ወይም የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት፣ አዳራሹ፣ መልሱ እያልኩ ለየብቻ አወጣለሁ። መብራት ቢሄድ የሚጠፋው አንዱ ክፍል ነው። ኋላ ማገጣጠም ቀላል ነው።

9. ሱቅ ውስጥ መፈተን

አሁን ፍላሹ ጋ ደረስን። ከቤት ስትወጡ ፍላሽ ላይ እነዚህን ጫኑ፦ ከየካሜራችሁ ሁለት ሁለት ደቂቃ ክሊፕ፣ ሲፒዩ-ዚ፣ ጂፒዩ-ዚ፣ ክሪስታልዲስክኢንፎ፣ ኤችዋይንፎ፣ እና ሳይጫን የሚሠራውን ሾትከት። ሁሉም ነፃ ናቸው።

ሻጩ ላይ አትኮሳተሩ። ሰላምታችሁን ስጡ፣ ጊዜ እንደምትወስዱ ንገሩት። "ወንድሜ፣ ሩቅ አገር ነው የምወስደው፤ ግማሽ ሰዓት ታገሰኝ" ስል እስካሁን እንቢ ያለኝ ጥቂት ነው። እንቢ ያለኝን ትቼ ሄጃለሁ።

መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ ውስጥ ግቡ። ሲፒዩ ላይ ሙሉ ስሙና የኮሩ ብዛት አለ። ሜሞሪ ላይ ራሙ ስንት እንደሆነና ስንት ቀዳዳ እንደተያዘ ይታያል። ዲስክ ላይ ኤስኤስዲ ወይም ኤችዲዲ ይላል። ሻጩ ከነገራችሁ ጋር አስተያዩ። እዚህ ላይ ከተለያየ የቀረውን መፈተን አያስፈልግም።

ክሪስታልዲስክኢንፎን ክፈቱ። የዲስኩን ጤና (ኤስኤስዲ ከሆነ በመቶኛ)፣ ስንት ሰዓት እንደሠራም ያሳያል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ወይ ዲስኩ ይቀየራል ወይ ዋጋው ይወርዳል።

ቀጥሎ ዋናው ፈተና። የራሳችሁን ክሊፖች ፍላሹ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጡ፤ አለበለዚያ የምትፈትኑት ፍላሹን ነው። ሾትከት ውስጥ ሁለቱን ካሜራ ደራርቡ፣ ትንሽ የቀለም ለውጥ ጨምሩ፣ አጫውቱት። ወደፊት ወደኋላ ጎትቱት። ዓይናችሁ ይፍረድ። ከዚያ ኤክስፖርት በሉትና 15 ደቂቃ ያህል ይሥራ፤ ቶሎ ካለቀ ድገሙት። ኤችዋይንፎ ላይ ሙቀቱን ተከታተሉ። ከ90 ዲግሪ በታች ከቆየ ጥሩ ነው። ቶሎ ወደ 100 የሚወጣ ከሆነና ፍጥነቱ ከወረደ ወይ አቧራ ሞልቶታል ወይ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቋል። ይሄ የሚጠገን ነገር ነው፤ ለዋጋ ድርድር ግን ጥሩ ጉልበት ይሰጣችኋል። ላፕቶፕ ከሆነ በዚሁ መሃል ቻርጀሩን ንቀሉ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከጠፋ ባትሪ የለውም በሉ።

በቴሌግራም አይታችሁ በሰው በኩል የምታስመጡ ከሆነ የሚገዛላችሁን ሰው ይሄን ሁሉ በቪዲዮ ኮል አሳየኝ በሉት። ብሩ ከዚያ በኋላ ይላካል።

10. ሞኒተር፣ ጆሮ ማዳመጫ፣ ወንበር

ሞኒተሩ አይፒኤስ ይሁን፤ 24 ኢንች 1080ፒ ይበቃል። ከጎን ስታዩት ቀለሙ የሚለወጥ ከሆነ የሙሽራዋ ቆዳ ደንበኛው ቴሌቪዥን ላይ ሌላ ይሆናል። ጆሮ ማዳመጫ ጆሮ የሚሸፍነውን ግዙ፤ ባስ የሚያጋንነው አይሁን። በርጩማችንን እወደዋለሁ፤ ለቡና ነው። ስምንት ሰዓት ተቀምጦ ኤዲት ለማድረግ ግን ወገብ ይጨርሳል። መደገፊያ ያለው ወንበር ይኑራችሁ።

11. ቤት ከገባ በኋላ

የጅማ ክረምት ታውቁታላችሁ። ኬዙን ወለል ላይ አታስቀምጡት፤ ከግድግዳም አንድ ክንድ አርቁት። እርጥበት ባለው ወር ሥራ ባይኖርም በሳምንት ሁለት ሦስቴ ለኩሱት፤ ሙቀቱ ያደርቀዋል። በበጋ ደግሞ አቧራውን አስነፉ። ካሜራውንና ሌንሱን ሲሊካ ጄል ከረጢት ባለበት ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አኑሩ። ሌንስ ላይ ሻጋታ ካበቀለ ማስለቀቁ መከራ ነው።

ማሽናችሁ ደካማ ቢሆንም ፕሮክሲ አለላችሁ። ፕሮግራሙ የክሊፖቹን ትንንሽ ቅጂ ይሠራል፤ እናንተ በትንንሾቹ ትቆርጣላችሁ። ኤክስፖርት ሲደረግ ትልልቆቹን ራሱ ይተካል። ፕሪሚየርም ሪዞልቭም ኬደንላይቭም ይችሉታል። ማታ አዝዛችሁት ተኙ፤ ጠዋት ዝግጁ ነው። እውነቱን ለመናገር ይሄን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ያችን ላፕቶፕ በዚያ ፍጥነት አልሸጣትም ነበር።

ፋይሉ ሁልጊዜ ሁለት ቦታ ይኑር። ሁለተኛው ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክቶ አይዋል። ደንበኛው ተቀብሎ አይቶ "እሺ" እስኪል ካሜራው ያወጣው አይጠፋም።

ለደንበኛ የምትሰጡትን ፍላሽ በኤክስፋት ፎርማት አድርጉ። ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። የድሮ ቴሌቪዥን ኤክስፋትን ካላነበበ በፋት32 አድርጉና ሰርጉን ከ4 ጊጋ በታች በሆኑ ክፍሎች ስጡ። የመጨረሻው ኤክስፖርት ኤች.264 ይሁን፤ ብዙ የቆዩ ቴሌቪዥኖች ኤች.265 አይከፍቱም። የሙሽራው አባት ዘመድ ሰብስበው "አይሠራም" ብለው የደወሉልኝ ቀን ነው ይሄን የተማርኩት።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል የአክስቴ ልጅ የታስክ ማናጀሩን ፎቶ ላከ። አይ7-6600ዩ፣ 2 ኮር፣ ራም 8 ጊጋ፣ ዲስክ ኤችዲዲ።

"ቀብድ ሰጥተሃል?" አልኩት።

"ገና ነኝ ጋሼ።"

"በል ተወው። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን። ፍላሽህን አትርሳ።"